የሽምግልና ጉልበት እንዴት ይጠበቃል?

ወላጅን መጦር በሀገራችን የከበረ ግዴታ ነው። አባት በሸመገለ ጊዜ ልጁ ይደግፈዋል፤ እናትም በደከመች ጊዜ ከቤት ሥራ ታርፋለች። ይህ ልማድ የሚመሰገን ሆኖ ሳለ፣ ሳይታወቅ አብሮት የሚመጣ አንድ ጉዳት አለ፤ ይኸውም አረጋዊውን ከመቀመጫው እንዳይነሣ ማድረግ ነው። «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» ሲባል የሚውል ሰው፣ ቃሉ የፍቅር ቢሆንም እግሩ ሥራ ፈትቶ ይሰልላል። የሰለለ እግር ደግሞ አንድ ቀን በደረጃ ወይም በመታጠቢያ ቤት ይከዳል። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ አካሄዳቸው አይመለሱም።

የጉልበት መድከም ከዕድሜ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከመቀመጥም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በቦስተን ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ይኖሩ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የደረሰ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በባለሙያ እየተጠበቁ በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። አንዱ አቋረጠ፤ የቀሩት የ9ኙ የጭን ኃይል ግን በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እንግዲህ ጡንቻ ሸምግሎም ቢሆን የሚማር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን የሰውነት ማጠንከሪያ ቤቶች አሉ። አረጋዊ ሰው ወደዚያ በገባ ጊዜ አሠልጣኙ «ዓላማዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ሰው «ጤና ነዋ!» ብሎ ያልፈዋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ለአሠልጣኙ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። ስለዚህ የአረጋዊ ዓላማ ሊጠብቀው በሚፈልገው የኑሮ ሥራ ቢገለጽ ይሻላል እንላለን። አንዲት የ68 ዓመት እናት ከአንድ ወጣት አሠልጣኝ ጋር ሲነጋገሩ በምሳሌ እንመልከት።

«ልጄ፣ እኔ ቅዳሴው እስኪፈጸም በእግሬ መቆም እፈልጋለሁ። ስሰግድም ሰው ደግፎ እንዳያነሣኝ።»

«መልካም ነው እማማ። መጀመሪያ እጅዎን በደረትዎ ላይ አጣምረው ከዚህ ወንበር ይነሡልኝና ይቀመጡ። እኔ እቆጥራለሁ።»

እናት በ30 ሴኮንድ ውስጥ 7 ጊዜ ተነሡ። በአሜሪካ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት መለኪያ፣ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 69 የሆኑ ሴቶች ከ11 በታች፣ ወንዶች ደግሞ ከ12 በታች ከተነሡ ከእኩዮቻቸው እንዳነሱና ለመውደቅ እንደሚያሰጉ ይቆጠራል። አሠልጣኙ ቁጥሩን ጻፈ፤ ከ3 ወር በኋላ 10 ለማድረስም ተስማሙ። በመጀመሪያ ከፍ ካለ ወንበር፣ ቀጥሎ ዝቅ ካለው፣ በመጨረሻም ጠንካራ ወንበር ይዘው ከመሬት መነሣትን ይለማመዳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው ነው። አሁን ዓላማው የሚታይ፣ የሚቆጠርና ቀን የተቆረጠለት ሆነ።

ይሁን እንጂ ከሥራው አስቀድሞ ሐኪምን ማማከርና ለአሠልጣኙ ምንም ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ በሽታ፣ የጉልበት ሕመም፣ የዐይን መድከም፣ ባለፈው ዓመት የደረሰ መውደቅ፣ ይህ ሁሉ ይነገረው። የሚወሰደውም መድኃኒት ይታወቅ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት የልብን ምት ስለሚያዘገይ፣ የደም ሥር ትርታ ብቻ የሚቆጥር አሠልጣኝ ሊሳሳት ይችላል። ከዚህ ይልቅ ንግግር መልካም መለኪያ ነው፤ ሰውየው እየተንቀሳቀሰ መነጋገር ከቻለ፣ መዘመር ግን ካቃተው ድካሙ መካከለኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ባዶ ሆዱን ቢደክም ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ በጾም ወራት ስለ መድኃኒቱ ከሐኪሙ፣ ስለ ጾሙ ከነፍስ አባቱ ጋር ይመካከር፤ የልምምዱንም ሰዓት ከምግብ በኋላ ያድርግ።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚከፋው ይሉኝታ ነው። አረጋዊው በልጁ ዕድሜ ባለ ወጣት ፊት «አመመኝ» ማለትን ያፍራል፤ ወጣቱም ትልቅ ሰውን «ይቁሙ፣ ይህ ልክ አይደለም» ብሎ ማረምን ይፈራል። ሁለቱም ከአክብሮት የተነሣ ዝም ሲሉ ጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር በተሰማ ጊዜ ወዲያው ማቆምና ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባ ከመጀመሪያው ቀን ይስማሙ። ክብደት ሲነሣ ትንፋሽን ማፈን የደም ግፊትን ስለሚያንር፣ ጥሩ አሠልጣኝ «ይተንፍሱ» ማለትን አይዘነጋም። ሳይጠይቅ የሚያዝና አረጋዊን እንደ ጎረምሳ የሚያጣድፍ አሠልጣኝ ከሆነ ግን ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቂያ ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ መድረሻ ነው እንጂ መነሻ አይደለም። ዐሥር ደቂቃ የሚሄድ ሰው ምንም ከማይሄደው ይሻላል።

ለአሠልጣኝ የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ቤተ ሰብም ተስፋ አይቁረጥ። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ጠንካራ ወንበር ይበቃል፤ የሚቆጥርና አጠገብ ሆኖ የሚጠብቅ ልጅ ከተገኘ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ እናት ቡናውን መቁላት ከቻሉ ይቁሉ፤ አባትም እስከ ሱቅ መሄድ ከቻሉ ይሂዱ። የሚያቅታቸውን እንሥራላቸው፤ የሚችሉትን ግን አንውሰድባቸው።