ከአፍንጫ ወደ ደረት የሚወርድ ሕመም፤ የጅዳና የመካ ወገኖቻችን ትንፋሽ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እኅት ወደ ገዳማችን መጣች። ዘጠኝ ዓመት በጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከበሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን አቀበት ለመውጣት አራት ጊዜ ዐረፈች። ባረፈች ቍጥር ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሰማያዊ ፓፍ ፈትታ ትስባለች፤ መልሳም ትቋጥረዋለች። ማታ በእንግዳ መቀበያው ስንጨዋወት፣ «አባቴ፣ መጀመሪያ ማስነጠስ ብቻ ነበር፤ የአፍንጫ ነገር ነው ብዬ ናቅሁት» አለችኝ። በመካ የምትሠራ አንዲት ሙስሊም የአገሯ ልጅ እንዳለችና እርሷም በዚሁ ሕመም እንደምትሠቃይ ጨምራ ነገረችኝ።

በ2006 ዓ.ም. ከኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ በሚመለሱት መካከል፣ እንዲህ ያለ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይዘው ወደ ጠበል የመጡ ብዙዎችን አይቻለሁ። ስለዚህም ከሐኪሞች የሰማሁትንና ከመጻሕፍት ያነበብሁትን ለተሳላሚውም ለነዋሪውም ላካፍል ወደድሁ።

አፍንጫ የሰውነት ደጀ ሰላም ነው። የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ብናኙንም በጠጕሩና በንፍጡ ይይዛል። ከማንቁርት በታች ያለው ቧንቧ እየተከፋፈለ እየቀጠነ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ እንደ መቅደስ ማንም እንዲሁ የማይገባበት ነው። የሣር ብናኝ አንዱ ቅንጣት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል ከ20 እስከ 40 እጅ ያህል ነው። ለዓይን አይታይም፤ ለቀጭኖቹ ቧንቧዎች ግን ትልቅ ስለ ሆነ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል። እንግዲያ ደረትን የሚያውከው በምን መንገድ ወርዶ ነው? ሐኪሞችን ብዙ ዘመን ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው። አፍንጫው የተደፈነ ሰው በአፉ ይተነፍሳል፤ ያልሞቀ፣ ያልረጠበ፣ ያልተጣራ አየርም በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያስደንቃል። አለርጂ ያለበት ሰው አካል ጕዳት የሌለውን ብናኝ እንደ ጠላት ቈጥሮ ‹አይጂኢ› የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ብናኙ ዳግመኛ አፍንጫን ሲነካ ሂስታሚንና መሰሎቹ ይለቀቃሉ፤ ማሳከክ፣ ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ የሚመጡት ከዚህ ነው። ጥሪው ግን በአፍንጫ አያበቃም። በደም በኩል እስከ መቅኒ ይደርሳል፣ ከዚያም የተጠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሳንባ ቧንቧዎች ጭምር ይሄዳሉ። ብናኙ በአፍንጫ ብቻ የተነካ ሰው ከቀን በኋላ በሳንባው ቧንቧ ብግነት ሊገኝበት የሚችለው ስለዚህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ሊቃውንቱ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር መክረው የአፍንጫ አለርጂና አስም የአንድ የአየር መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው ማለት የጀመሩትም በዚህ ምክንያት ነው። የአስም ሕሙማን አብዛኞቹ የአፍንጫ አለርጂ አለባቸው።

ሦስተኛው መንገድ በዝናብ የሚመጣ ነው። ብናኙ በእርጥበት ሲያብጥ ይፈነዳል፤ ከውስጡም እስከ ሳንባ ጥግ ለመድረስ የሚያንሱ ቅንጣቶች ይበተናሉ። በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ነጐድጓዳማ ዝናብ በመታ ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ሐኪም ቤት ጐረፉ፤ ዐሥር ሰዎችም ሞቱ። ከነዚያ ሕሙማን ብዙዎቹ ቀድሞ የነበረባቸው የሣር ብናኝ ያመጣው የአፍንጫ ሕመም ብቻ ነበር፤ አስም አለብን ብለው አያውቁም። ለሳዑዲ ጠረፍ ቀረብ ባለችው በኢራን አህዋዝም በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ጅዳም ዝናብ የሚጐበኛት በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ያውም በድንገትና በጐርፍ ነው። በዚያ የምትኖሩ ከረጅም ድርቅ በኋላ ሰማዩ ሲጠቍር መስኮት ዝጉ፤ ዝናቡ ሲጀምርም ለማየት ወደ ሰገነት አትውጡ።

(ኅዳር 12ን ካነሣሁ አይቀር፣ በአገራችን በዚህች ዕለት ‹ኅዳር ሲታጠን› እያልን ቆሻሻ የምናቃጥለው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን መታሰቢያ አድርገን ነው። አሳቡ መልካም ነው፤ ጪሱ ግን አስም ያለበትን ሰው ቤቱ ድረስ ገብቶ ያንቀዋል። ዛሬ ላስቲክ በሚነድበት ዘመንማ!)

አበባ የሚያስነጥስ መሆኑን ቀደምት ሰዎች አስተውለዋል። በዐሥረኛው መቶ ዓመት የነበረው የሬይ ከተማ ታላቅ ሐኪም አል ራዚ፣ አቡ ዘይድ አል በልኪ የተባለው ሊቅ በጽጌረዳ ወራት ለምን አፍንጫው እንደሚታመም የሚመረምር ጽሑፍ ጽፎለታል። ከመካ በላይ ባለችው በደጋማዋ ጣኢፍ ጽጌረዳ የሚለቀመው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ያንጊዜ የሚያስነጥሰው ሁሉ ጽጌረዳዋን ይወቅሳል። ነገር ግን የጽጌረዳ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ነው፤ ንብ ያመላልሰዋል እንጂ ነፋስ ብዙ አይወስደውም። በእኛም አገር አደይ አበባ ያለ በደሏ ትወቀሳለች፤ ከክረምት በኋላ የሚያስነጥሰን በአብዛኛው ማንም ልብ የማይለው የሣር አበባ ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ፣ ራሱም የዚህ ሕመም ሕሙም የነበረ፣ በፈረንጆቹ 1873 ባሳተመው መጽሐፍ የሕመሙ ምክንያት የሣር ብናኝ መሆኑን በገዛ አካሉ ፈትኖ አሳየ፤ ብናኙ ምን ያህል ከፍታ እንደሚወጣ ለማወቅም የሚጣበቅ መስተዋት በካይት አስሮ ወደ ሰማይ ሰድዷል።

በጅዳና በመካ ዙሪያ በነፋስ ከሚበኑት ውስጥ የሣር ዓይነቶች፣ በጨዋማ መሬት የሚበቅሉ ቍጥቋጦዎች፣ ወንዴው የተምር ዛፍና ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ ይገኛሉ። ፕሮሶፒስን የአፋር ወንድሞቻችን ‹ደርጊ ሐራ› እያሉ የሚያማርሩት ያው ዛፍ ነው። በዚህ ላይ የበረሓው አቧራ አለ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሱዳን ቶከር በኩል የሚነሣው ነፋስ አቧራውን ቀይ ባሕር አሻግሮ ወደዚያው ጠረፍ ያደርሰዋል። ጅዳ በባሕር ዳር ያለች እርጥብ ከተማ ስለሆነች ምንጣፍና ፍራሽ ውስጥ ለሚራቡት የአቧራ ተባዮች ትመቻለች። ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገባ ብላ በተራሮች መካከል ያለችው መካ ደረቅ ናት፤ በዚያ ያለው ትልቁ ፈተና ሌላ ነው። በሐጅ ጊዜ ከዓለም ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ጉንፋኑንም ይዞ ይሰበሰባል፤ አፍንጫው በብናኝ የቈሰለን ሰው ጉንፋን ሲጨምርበት ሕመሙ ፈጥኖ ወደ ደረት ይወርዳል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ታንሳለች። ስለዚህ ሐጅ በየዓመቱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ በ33 ዓመት ገደማ ወራቱን ሁሉ ይዞራል። «አምና ስሄድ ደኅና ነበርሁ» ማለት ለከርሞ ዋስትና የማይሆነው ስለዚህ ነው።

የእኅታችንን ታሪክ በዝርዝር ስጠይቅ ግን ብናኝ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ። አሠሪዋ ማታ ማታ በኹር ታጨሳለች፤ እርሷ ደግሞ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ቀላቅላ ትፈትግ ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ የተቈጣን ቧንቧ ይህን ያህል የሚጐዳ ነገር ጥቂት ነው። እባካችሁ አትቀላቅሉ፤ በርና መስኮት ክፈቱ። የእኛም ዕጣን ቢሆን ጪስ ነው። ማዕጠንቱ ሲቃረብ የሚያስላቸው ምእመናን ወደ ደጁ ቢቈሙ ማንም በንቀት አይመልከታቸው።

ስለ መድኃኒቱ እነሆ። ሰማያዊው ፓፍ የተጨበጠውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል፤ ብግነቱን ግን አያበርደውም። ብግነቱን የሚያበርደው ሌላው፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው፤ ሕመሙ ባይሰማም እንደ ታዘዘው ይወሰዳል፣ ከዚያም አፍን መጕመጥመጥ ያስፈልጋል። ጊና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም በ2011 ዓ.ም. ዐዋቂዎችና ወጣቶች በሰማያዊው ብቻ እንዳይታከሙ መክሯል። እኅታችን ዘጠኙን ዓመት የኖረችው በሰማያዊው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እንዳለም የነገራት አልነበረም። ከንፈር ሲጠቍር፣ ንግግር ሲቈራረጥ፣ ፓፉም አላስታግሥ ሲል በሳዑዲ 997 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ይገባል፤ ለምክር ደግሞ 937 አለ። የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም የተባሉ እኅቶች እስራትን ፈርተው ሳይደውሉ እንደሚቀሩ ሰምቻለሁ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው ይደውልላቸው።

ወደ ገዳማችን ከመምጣቷ በፊት በሄደችበት አንድ የጠበል ስፍራ አንድ ሰው «ፓፉን ካልጣልሽ እምነት የለሽም» ብሏት ጥላው ነበር። በዚያች ሌሊት በሰው ሸክም ሐኪም ቤት ደረሰች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን ያ ሰው አልሰማ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ፓፍ በከረጢት ይዞ ወደ ጠበል መግባት አይከለከልም፤ ውኃ እንዳይነካው ግን በላስቲክ ጠቅልሉት።

እኅታችን ሁለተኛውን መድኃኒት ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። ለጥምቀት መጥታ አቀበቱን ስትወጣ ያረፈችው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም እኔን ስትጠብቅ።