የመንገደኛ ላፕቶፕ ቦርሳ

የላፕቶፕ ቦርሳ ሁለት ሥራ አለበት፤ ኮምፒውተሩን ከጉዳት ይጠብቃል፣ ተሸካሚውንም ሳያደክም አብሮት ይጓዛል። ገበያ ላይ የሚገኘው በእጅ የሚያዝ ወይም በአንድ ትከሻ የሚነገት፣ በጀርባ የሚታዘል፣ አለዚያም ሌላ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ስስ ማቀፊያ ነው። ከመኪና ወርዶ ቢሮ ለሚገባ ሰው የመጀመሪያው ይበቃዋል። ከታክሲ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ማረፊያ ለሚል መንገደኛ ግን የጀርባውን የሚተካከል የለም።

ቦርሳው ላይ የሚጻፈው 14 ወይም 15.6 ኢንች የስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ርዝመት እንጂ የኮምፒውተሩ ስፋት አይደለም። 15.6 ኢንች ከሚባሉት ውስጥ አሮጌዎቹ እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ይሰፋሉ፤ የስክሪናቸው ጠርዝ የቀጠነው አዲሶቹ ግን 36 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን አምኖ ከመግዛት ኮምፒውተሩን ይዞ ሄዶ ማስገባት ይሻላል። ተጨናንቆ የሚገባ ከሆነ ዚፑ አይበረክትም፤ በጣም ከላላም ኮምፒውተሩ በየእርምጃው ወዲያና ወዲህ ይላተማል።

የቦርሳው ዋና ክፍል ግርጌው ነው፤ ገዢዎች ጨርሶ የማያዩትም እሱኑ ነው። አብዛኛው ሰው ቦርሳ ሲመርጥ ፊቱንና ጀርባውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ስፖንጁ ወፍራም ከሆነ ይረካል። ሻጩም የሚያሞግሰው ያንኑ ስፖንጅ ነው። ነገር ግን ቦርሳ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ በጎኑ የሚመታበት ጊዜ ጥቂት ነው። በብዛት የሚጎዳው ቦርሳው መሬት ሲቀመጥ ነው፤ ካፌ ጠረጴዛ ሥር፣ ታክሲ ወለል ላይ፣ ባንክ ተራ ሲጠበቅ። ተሸካሚው ደክሞታልና የመጨረሻዋን ስንዝር ዝቅ አያደርገውም፣ ይለቀዋል። ያን ጊዜ የኮምፒውተሩ ክብደት በሙሉ በታችኛው ጠርዝ፣ አንዳንዴም በአንዲት ማዕዘን ላይ ያርፋል። በብዙ ቦርሳዎች ደግሞ የላፕቶፑ ኪስ የሚያልቀው ቦርሳው ራሱ የሚያልቅበት ስፌት ላይ ነው። ጎኑ ሁለት ጣት ስፖንጅ ለብሶ ሳለ በኮምፒውተሩና በሲሚንቶው መካከል ያለው አንድ ጨርቅና አንድ ገበር ብቻ ይሆናል።

የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተሩ የሚቆምበት ርቀት ነው። ከ50 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከወንበር መቀመጫ ከፍታ፣ የወደቀ ላፕቶፕ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ድርቅ ብሎ ከቆመ የሚያርፍበት አማካይ ኃይል የክብደቱን 500 እጥፍ ያህል ነው። ያው ውድቀት በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም ኃይሉ ወደ 50 እጥፍ ይወርዳል። አንዲት ሳንቲ ሜትር ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች፤ የምትፈለገው ግን ከጎን ሳይሆን ከታች ነው።

ጥሩ ቦርሳ ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መላ ተንጠልጣይ ኪስ ነው። የላፕቶፑ ኪስ ከላይና ከጎን ይሰፋል፤ ወለሉ ግን ከቦርሳው ወለል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። ቦርሳው መሬት ሲነካ ኮምፒውተሩ ገና አልነካም። ይህን ለማወቅ አንድ እጅ ኪሱ ውስጥ እስከ ታች ይሰደዳል፣ ሌላው ከቦርሳው ሥር ይደረጋል። ጣቶቹ በጨርቁ በኩል ከተገናኙ ያ ቦርሳ ለጉዞ አይሆንም። አንዳንዱ ባዶውን ተንጠልጥሎ ላፕቶፕ ሲገባበት ተለጥጦ ወለሉ ላይ ይተኛልና ፈተናው ከነዕቃው መደገም አለበት። ዕቃው ገብቶ ቦርሳው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከተሰማ መልሱ ታውቋል። ቦርሳውን አስቀድሞ ለገዛ ሰው ደግሞ የስፖርት ምንጣፍ ቁራጭ በኪሱ ልክ ተቆርጦ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርቦ ግርጌው ላይ ቢነጠፍ ብዙ ይረዳል። ቻርጀሩን ከስክሪኑ ክዳን ጋር አጣብቆ መወተፍ ግን ምንም ቦርሳ የማያድነው ጥፋት ነው፤ ሰው ሲደገፈው ወይም ሌላ ሻንጣ ሲጫነው ስክሪኑን የሚሰነጥቀው ያ ጠንካራ ጡብ ነው። ቦታው የፊት ኪስ ነው።

ምቾትን የሚወስነው ክብደቱ ከጀርባ ያለው ርቀት ነው። የላፕቶፑ ኪስ ጀርባን ተጠግቶ መሆን አለበት፤ በታክሲ ግፊያ መሃልም ለሌባ እጅ አይመችም። ማንገቻው ሰፋ ያለና የትከሻን ቅርጽ ተከትሎ የታጠፈ ቢሆን ይመረጣል። ማንገቻውን አስረዝሞ ቦርሳውን መቀመጫ ላይ ማንጠልጠል፣ ወይም ባለ ሁለት ማንገቻ ቦርሳ በአንድ ትከሻ ማንገት የወጣቶች ወግ ሆኗል፤ ጥሩ ቦርሳን ከንቱ የሚያደርግ ልማድ ነው።

ዚፑ ብዙውን ጊዜ በመያዣው ጀርባ ቁጥር አለው። 5፣ 8 ወይም 10 የሚለው ቁጥር ጥርሶቹ ሲገጥሙ ያላቸውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያመለክታል፤ ለዋናው ክፍል 8 ወይም 10 ይመረጣል። ጨርቁ የሚለካበት ዴኒየር ደግሞ የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል፣ ውኃ ግን አያስገባም ማለት አይደለም። የክረምት ዝናብ የሚገባው በዚፕና በስፌት በኩል ስለሆነ ከቦርሳው ጋር የዝናብ ሽፋን መያዝ ያስፈልጋል።

በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ላፕቶፑ ሌላ ዕቃ ሳይነካ የሚወጣበት የራሱ ዚፕ ፍተሻ ላይ ጊዜ ይቆጥባል። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም፤ ከተሳፋሪው ጋር ይገባሉ። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአጠቃላይ ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተባለ የተለመደ ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ሞልቶ የእጅ ቦርሳ በር ላይ ተወስዶ ወደ ጭነት ክፍል በሚላክበት ጊዜም ፓወር ባንኩ መውጣት አለበት፤ ላፕቶፑንም ማውጣት ይሻላል። ስለዚህ ሁለቱን ጠቅልሎ የሚይዝ ስስ ማቀፊያ ከትልቁ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ይመረጣል።