“ደበረኝ” ሲባል ምን ይለካል? የመጀመሪያ ዲግሪ የሥነ ልቦና ተማሪና የተተረጎመ መጠይቅ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና ተማሪ ሙያውን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቩንት በ1879 በላይፕዚግ ካቋቋመው ቤተ ሙከራ አንሥቶ እስከ ዘመናችን የስሜትና የስብዕና ንድፈ ሐሳቦች ድረስ ያለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ በእንግሊዝኛም ይፈተናል። በመጨረሻው ዓመት ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ወደ ሰው ይሄዳል፤ ያ ሰው ደግሞ የሚከፋው፣ የሚያፍረውና የሚጨነቀው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጥቂት ገጾች ያሉት የተተረጎመ መጠይቅ ሲሆን፣ የትርጉሙ ሥራ በመመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ የሚያገኘው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አያልፍም፦ መጠይቁ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ፣ መልሶም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል የሚል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ትርጉሙ ከልኬቱ በፊት የሚጠናቀቅ የቢሮ ሥራ ሳይሆን የልኬቱ አካል ነው የሚል ነው።

ምሳሌ የሚሆነን ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠቀሙበት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ፒኤችኪው ዘጠኝ የተሰኘው የድባቴ መጠይቅ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የታዩ ስሜቶችንና ምልክቶችን በዘጠኝ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ስለሚሰጠው ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መከፋት፣ ስለ መደበትና ስለ ተስፋ ማጣት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ዲግሪ ጥናቱ ይህን ጥያቄ “ድብርት ተሰምቶኛል” በሚል ቃል ተርጉሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሰራጭቶ ነበር። ከመላሾቹ አንዷ እጇን አንሥታ “ክፍል ውስጥ የሚሰማኝን ነው ወይስ በሕይወቴ?” ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በከተማ ወጣቶች አነጋገር ፊልም ይደብራል፣ ትምህርት ይደብራል፣ ሰውም ደባሪ ይባላል፤ “ደበረኝ” ማለት ከመሰላቸት ያልዘለለ ሊሆን ይችላል። የሐዘኑን ክብደት ለመግለጽ የሚሻ ሰው ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ጨለመብኝ፣ ዓለም አስጠላኝ ይላል። ከእነዚህ አንዱም በመጠይቁ አልነበረም። ቅጾቹ በዚያ ሰዓት ተሰራጭተው ስላለቁ ለልጅቱ የተሰጣት መልስ “እንደ መሰለሽ ሙዪው” የሚል ነበር፤ ይህም በጥናቱ ሪፖርት ላይ አልተጻፈም።

ታዲያ መልሶ መተርጎም ይህን ስሕተት ለምን አልያዘውም? ዘዴውን ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ካስፋፋው ወዲህ በተመራማሪዎች ዘንድ የታመነ ሆኗል። ይሁን እንጂ የዘዴው አስተማማኝነት የሚመካው ሁለቱ ተርጓሚዎች ከየራሳቸው የቋንቋ ልምድ በመነሣታቸው ላይ ነው። በእኛ ሁኔታ ግን የመጀመሪያው ተርጓሚ ተማሪው ራሱ፣ ሁለተኛው ደግሞ አብሮት የሚማር ጓደኛው መሆኑ የተለመደ ነው። ሁለቱም “ድብርት” የሚለውን ቃል ከአንድ መምህር አፍ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አቻ አድርገው ተቀብለውታል። ስለዚህ ጓደኛው ቃሉን ባየ ጊዜ ያንኑ የእንግሊዝኛ ቃል መልሶ ይጽፋል፤ ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቅጂዎችም ይመሳሰላሉ። የተረጋገጠው ሁለቱ ተማሪዎች አንድ ኮርስ መውሰዳቸው እንጂ መላሹ ጥያቄውን መረዳቱ አይደለም።

የባሰው “ጭንቀት” የሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ቢያንስ በሦስት ቃላት የሚለያቸውን፣ ማለትም የኑሮና የሥራ ውጥረትን፣ ምክንያቱ በግልጽ የማይታወቅ ሥጋትንና በአንድ ጉዳይ ላይ መብሰልሰልን፣ የዕለት ተዕለት አማርኛ በአንዱ “ጭንቀት” ይጠቀልላቸዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. በሎቪቦንድና ሎቪቦንድ የቀረበው መጠይቅ ባለ 21 ጥያቄው አጭር ቅጂ፣ ድባቴን፣ ሥጋትንና ውጥረትን እያንዳንዳቸውን በሰባት ሰባት ጥያቄዎች ለይቶ ይለካል። ተርጓሚው ከሥጋቱም ከውጥረቱም ወገን ያሉትን ጥያቄዎች “ተጨንቄአለሁ” እያለ ከተረጎማቸው፣ በሁለቱ ንዑስ መለኪያዎች መካከል ጠንካራ ተዛምዶ መገኘቱ የማይቀር ነው። ተማሪውም በአራተኛው ምዕራፍ ውጥረት ከሥጋት ጋር ከፍተኛ አወንታዊ ተዛምዶ እንዳለው ያበስራል። የተዛመደው ግን አንድ ቃል ከራሱ ጋር ነው። የክሮንባክ አልፋም ከዚህ አያድንም። አልፋ የሚነግረን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ ስለሆነ፣ አንድን ጥያቄ በተለያየ አባባል ደጋግሞ መጠየቅ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያወርደውም። ስለዚህ ተማሪው ከ0.70 በላይ ማግኘቱን ጠቅሶ ሲያልፍ አስተማማኝነትን እንጂ ተገቢነትን አላሳየም።

ቃሉ በትክክል ቢተረጎም እንኳ ከቃሉ ጋር የሚመጣው እሴት ሊለይ ይችላል። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮዘንበርግ መጠይቅ ለራስ የሚሰጥን ግምት በ10 ጥያቄዎች ይለካል፤ ግማሾቹ በአሉታዊ መልክ የቀረቡ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሚኮሩበት ነገር ብዙም አለመኖርን ይመለከታል። በአማርኛ ኩራት ከክብርም ከትዕቢትም ጋር ይጎራበታል፤ “ኮራብን” የምንለው ሰው የተመሰገነ ሰው አይደለም። በትሕትና ያደገ መላሽ በዚህ ጥያቄ መስማማቱ ምግባሩን ሊያሳይ ይችላል፤ መለኪያው ግን ነጥቡን ይቀንስበታል። ስለ ምግብ ፍላጎት መቀነስ የሚጠይቀውን የፒኤችኪው ጥያቄ በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን መካከል ለሚጠየቅ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚያስገኝም ማሰብ ይገባል። (መጠይቆቻችን የሚሰራጩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ነው።)

በነጥብ አሰጣጡም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፒኤችኪው ዘጠኝ የአማርኛ ቅጂ በኢትዮጵያ ተፈትሿል። በ2013 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የታተመው ጥናት 10ን ተስማሚ መለያ ነጥብ አድርጎ አግኝቶታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በገጠር የጤና ተገልጋዮች ላይ የታተመው ግን 5 የተሻለ መሆኑን አመልክቷል። አንድ ዓይነት ዘጠኝ ጥያቄዎች በአንድ አገር ውስጥ እንኳ የተለያየ መለያ ነጥብ ካስፈለጋቸው፣ የራሱን ትርጉም አዘጋጅቶ 10ን ከእንግሊዝኛው የሚገለብጥ ተማሪ “ከተማሪዎቹ ይህን ያህል በመቶ ድባቴ አለባቸው” ለማለት የሚያስችል መሠረት የለውም። የተፈተሸ ቅጂ እያለ እንደ አዲስ መተርጎምም የሚመከር አይደለም።

የተፈተሸ ቅጂ በሌለበት ጊዜ ውድ ያልሆነ መፍትሔ አለ። መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት ከታለሙት መላሾች ጋር የሚመሳሰሉ ጥቂት ሰዎችን ለየብቻ አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር እንዲደግሙትና መልሱን ሲመርጡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ከላይ የተጠቀሰችው መላሽ በመጀመሪያው ቀን ብትጠየቅ ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ሰዓት ይታረም ነበር። በጸሐፊው አስተያየት ይህ ልምምድ በምርምር ዘዴ ኮርስ ውስጥ ከኤስፒኤስኤስ ሥልጠና ሊቀድም ይገባዋል፤ ተማሪዎቻችን ግን ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን ማስላት የሚማሩት ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቁ ነው።

የቀረው ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። ራስን ስለ መጉዳትና ከመኖር ሞትን ስለ መምረጥ የሚጠይቀው ይህ ጥያቄ እንደ ሌሎቹ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ነጥቡም ከሌሎቹ ጋር ይደመራል። መጠይቁ ስም ሳይጻፍበት ተሞልቶ፣ በካርቶን ተሰብስቦ፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ጸሐፊው በዚያው ጥናቱ ቅጾቹን ሲያስገባ በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ 3 የተከበበበት አንድ ቅጽ አግኝቷል። ጾታና የትምህርት ዓመት ተጽፎበት ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ከተሞላ አንድ ወር ከግማሽ ሆኖት ስለነበር ሰውዬውን ማግኘት አልተቻለም፤ የስም አለመጻፍ ደንቡ የወጣው ደግሞ መላሹን ለመጠበቅ ነበር። የጥናቱ ሐሳብ ሲጸድቅ ስለዚህ ጉዳይ የጠየቀ አልነበረም፤ ተማሪውም ራሱን አልጠየቀም።

አስቸኳይ እርዳታ ሊሰጥ በማይችልበት ጥናት ዘጠነኛውን ጥያቄ ያስቀረ፣ ድምሩ እስከ 24 የሚደርስ ባለ ስምንት ጥያቄ ቅጂ አለ፤ ለብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች ይኸው በቂ ነው። ዘጠነኛውን ማካተት ግድ የሚልበት ጥናት ከሆነ ቅጾቹ በተሰበሰቡበት ቀን መነበብ፣ መላሹም ከፈለገ ስልኩን ሊተውበት የሚችል የተለየ ቁራጭ ወረቀት መሰጠት አለበት። በመጨረሻው ገጽ ላይም የግቢው የምክር አገልግሎት የሚገኝበት ሕንፃ፣ የክፍሉ ቁጥርና የሥራ ሰዓቱ በግልጽ ይጻፍ፤ ተማሪው ይህን ከመጻፉ በፊት ቢሮው በዚያ ሰዓት ክፍት መሆኑን ራሱ ሄዶ ይይ።