የመጀመሪያዋን ወርቅ ስንገዛ፦ ሳንቲም ወይስ ቀለበት?

ደባርቅ ሳስተምር ከተማሪዎቼ የአንዷ እናት የነበሩ የጊች ሰው በቅርቡ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ ከጅዳ ትንሽ ብር ልካልኛለች። እንደ ካሳው ብር እንዳያልቅብኝ ወርቅ ልግዛበት?»

ስጋታቸው እውነት ነው። የጊች ሙስሊሞች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት በ2008 ዓ.ም. ነው። የገብስ መሬታቸው በካሳ ብር ተተካ። ያኔ 1 ዶላር በባንክ ከ22 ብር አይበልጥም ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያኔ 1,000 ዶላር ያወጣ የነበረው 22,000 ብር ዛሬ 200 ዶላር አይሞላም።

ስለዚህ ወርቅ መግዛት ክፉ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ለዘር፣ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና በዚህ ዓመት የሚያስፈልገን ብር ለወርቅ አይውልም። የወርቅ ዋጋም ይወርዳልና፤ ቸግሮን ስንሸጠው እንከስራለን።

ለቁጠባ የሚገዛ ወርቅ የሚለካው በንጹሕ ክብደቱ ነው። 24 ካራት ንጹሕ ነው። 4 ግራም ባለ 21 ካራት ውስጥ 3.5 ግራም፣ 4 ግራም ባለ 18 ካራት ውስጥ 3 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። ጌጥ ስንገዛ የሠሪ ዋጋ እንከፍላለን፤ ስንሸጠው ግን አይመለስልንም። የሳንቲም ብልጫው ይህ ወጪ አነስተኛ መሆኑ ነው። የእንግሊዙ የወርቅ ፓውንድ 8 ግራም ገደማ ሲሆን ባለ 22 ካራት ነው። የቱርክ «ሩብ ወርቅ» ደግሞ 1.75 ግራም ብቻ ስለሆነ ለትንሽ አቅም ይቀርባል። እነዚህ በአገራችን ሱቆች እንደ ልብ አይገኙም። ሳንቲም ካልተገኘ ፈርጥ የሌለው፣ ጌጡ ያልበዛ ባለ 21 ካራት ቀለበት ይሻላል። ፈቃድ ካለው ወርቅ ቤት፣ ፊት ለፊት አስመዝነን፣ ካራቱና ግራሙ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀብለን እንግዛ። በመንገድ ላይ «ርካሽ ወርቅ» ከሚል ሰው እንራቅ።

የሸሪዓው ድንበር ደግሞ ከዋጋው ይቀድማል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ እኩል በእኩልና እጅ በእጅ እንዲሆን አዝዘዋል። የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች የወረቀት ገንዘብንም በዚህ ሑክም ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ ወርቅን በዱቤ ወይም በየወሩ እየከፈሉ መግዛት አይፈቀድም፤ ብሩም ወርቁም እዚያው መቀመጫ ላይ እጅ መለዋወጥ አለባቸው። አሮጌ ቀለበት ሰጥቶ፣ ብር ጨምሮ አዲስ መውሰድም ሪባ ውስጥ ይጥላል። መፍትሔው አሮጌውን ሸጦ ብሩን መቀበል፣ ከዚያም አዲሱን መግዛት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላል (ረ.ዐ) ዝቅተኛ ተምር በጥሩ ተምር አበላልጦ በለወጠ ጊዜ ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

ለቁጠባ የተቀመጠ ወርቅ ንጹሕ ክብደቱ 85 ግራም ሲደርስና ዓመት ሲሞላው 2.5 በመቶ ዘካ ይወጣበታል። ጥሬ ገንዘብ ካለም አብሮ ይታሰባል። ወንድ ወርቅ ማድረግ ክልክል ቢሆንበትም ሳንቲሙን ገዝቶ ማስቀመጥ ይችላል።

ለእናታችን የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር፦ «የዓመቱን ወጪ አስቀድመው ያስቀምጡ። በተረፈው ትንሽም ብትሆን ፈርጥ የሌላት ቀለበት፣ በእጅ በተያዘ ብር ይግዙ። ደረሰኟን ከቀለበቷ ለይተው ያኑሩ።»

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።