ኦቨርድራፍት ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

ዕዳ የከበደው የሞጣ እህል ነጋዴ የቱ ያዋጣዋል?

ከሞጣ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚያራግፍ ነጋዴ ገንዘቡ በሦስት ቦታ ይበተናል፤ ከፊሉ በመጋዘን እህል፣ ከፊሉ በዱቤ በወሰዱ ደንበኞች እጅ፣ ከፊሉ በመንገድ ላይ። ክፍተቱን የሚሞላለት የባንክ ኦቨርድራፍት ነው። ገበያው ቀዝቅዞ ወለዱ ሲከብድ ግን «ዘግቼው ልረፍ» የሚል ሐሳብ ይመጣል።

በአሜሪካ ይኸው ጥያቄ በክሬዲት ካርድ ላይ ይነሳል። በኢትዮጵያ ግን በሰፊው የሚሠራበት የባንክ ካርድ የራስን ተቀማጭ ማውጫ ስለሆነ፣ ለነጋዴው የክሬዲት ካርዱን ሥራ የሚሠራለት ኦቨርድራፍቱ ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ መዝጋት ዕዳ መሰረዝ አለመሆኑ ነው። የተወሰደው ገንዘብ ከነወለዱ እስኪከፈል ድረስ ሒሳቡ አይዘጋም፤ በመያዣ የተያዘው ቤትም እግዱ አይነሳም። የብድር ታሪኩም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ተመዝግቦ ስለሚገኝ ሌላ ባንክ ሄዶ እንደ አዲስ ደንበኛ መቅረብ አይቻልም።

ውሳኔውን የሚያቀለው ሒሳብ ነው። ነጋዴው 1 ሚሊዮን ብር ጣሪያ ካለው ኦቨርድራፍት 600 ሺህ ብር አውጥቶ፣ ኩንታሉን በ10 ሺህ ብር ሒሳብ 60 ኩንታል ጤፍ ገዛ እንበል። ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን የሚታሰበው በተጠቀመበት 600 ሺህ ብር ላይ ነው፤ በወር 9 ሺህ ብር፣ በኩንታል 150 ብር ማለት ነው። የጤፉ ዋጋ በወር ከ150 ብርና ከመጋዘን ወጪው በላይ የሚጨምር ከሆነ ኦቨርድራፍቱ ያዋጣል። ካልጨመረ ግን እህሉን ሸጦ ዕዳውን ማቃለል ይሻላል፤ ጣሪያውን መዝጋት ግን የግድ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ከንግድ ውጪ ሲውል ነው። በኦቨርድራፍት ቤት የሠራ ወይም ልጁን የዳረ ነጋዴ ሒሳቡ ዓመት ሙሉ ከጣሪያው አይወርድም። እንዲህ ያለው ሰው ባንኩን ቀርቦ፣ የቆየውን ዕዳ በየወሩ ወደሚከፈል የጊዜ ብድር እንዲያዞርለትና የኦቨርድራፍቱን ጣሪያ እንዲቀንስለት ቢጠይቅ ይሻለዋል። ጣሪያው ባለ ቁጥር እጁ የማያርፍለት ሰውም ቢያስቀንሰው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ጨርሶ ለመዝጋት የሚቸኩል ግን አንድ ነገር ያስታውስ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም፣ በዚያን ጊዜ አዲስ ብድር ፈላጊው ደጅ ሲጠና የነበረውን ያልዘጋው ነጋዴ ሥራውን ቀጥሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት መሆን አያዋጣም።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መጠበቅም አደጋ አለው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገድ የሚቋረጥበት ጊዜ በዝቷል። መንገድ ሲዘጋ ጤፉ መጋዘን ይውላል፤ ወለዱን ግን የሚያግደው ኬላ የለም። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሹት ተርታ ይመደባል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረትም ባንኩ በውሉ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ዕዳ የከበደው ነጋዴ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ዱቤውን ይሰብስብ፤ ቀጥሎ የማያዋጣውን እህል ይሽጥ፤ ከዚያ ባንኩን 90 ቀኑ ሳይሞላ ያነጋግር። መዝጋት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ሁሉም ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።