ከ18 ዓመት ልደት ማግስት

አሜሪካ የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችን የመማር መብት በፌዴራል ሕግ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከትምህርት በኋላ ስላለው ሕይወት መዘጋጀት በሕጉ የተካተተው ግን በ1990 ነው። ዛሬ ተማሪው 16 ዓመት ሲሞላው፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ ከ14 ጀምሮ፣ አይኢፒ በሚባለው የግል ዕቅዱ ላይ የወደፊት ሥራውና ትምህርቱ መስፈር አለበት።

የዕቅዱ መነሻ ሐሳብ ግን ከስደተኛ ቤተሰብ ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ተመራማሪዋ ቤት ሃሪ በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የፖርቶ ሪኮ ቤተሰቦች የልጃቸውን ሁኔታ የሚረዱበትና ትምህርት ቤቱ የሚፈርጅበት መንገድ ምን ያህል እንደሚራራቅ አሳይታለች። የሀበሻ ቤተሰብም እንዲሁ ነው። «በራሱ አፓርታማ ይኖራል» የሚል ግብ ሲነበብላት እናት «እሺ» ብላ ትፈርማለች፤ አክብሮት ነው። ልጇ ሳያገባ ከቤት ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። የምትመኘው የሚውልበት ሥራና ከእሷ በኋላ የሚጠጋው ሰው ነው፤ ካልተጠየቀች አትናገረውም። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ታናሽ እህቱ የወንድሟን ምርመራ ለእናቷ እንድትተረጉም ማድረግ በልጅቷ ላይ ግፍ ነው።

ወጣቱ 18 ሲሞላው በአብዛኞቹ ግዛቶች የመወሰን መብቱ ወደ እሱ ይዞራል። ብዙ ወላጆች ይህን የሚያውቁት ሐኪም ቤት ደውለው «ያለ እሱ ፈቃድ ልናናግርዎ አንችልም» ሲባሉ ነው። ደንግጠው በፍርድ ቤት ሞግዚትነት ይጠይቃሉ፤ ሞግዚትነት ግን የወጣቱን መብት ይነጥቃል። ቴክሳስ በ2015 በሕግ የተቀበለችው ሌላ መንገድ አለ፤ ወጣቱ የሚያምናቸውን ሰዎች መርጦ ያማክራል፣ ውሳኔው የራሱ ይሆናል። ከዘመድ ጋር መክሮ መወሰን ለለመደ ቤተሰብ ይህ ይቀርበዋል፤ እኔም ቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ነው እላለሁ።

በወላጅ ገቢ ምክንያት ኤስኤስአይ የተባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጎማ የተከለከለ ልጅም ከ18 በኋላ የሚታየው የራሱ ገቢ ስለሆነ እንደገና ማመልከት ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የምረቃው ቀን ነው። መደበኛ ዲፕሎማ የተቀበለ ተማሪ የልዩ ትምህርት መብቱ በዚያው ያበቃል፤ ያልተቀበለ በብዙ ግዛቶች እስከ 21 ወይም 22 ዓመቱ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን በኩል በቤትና በማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጠው ድጋፍ ብዙ ጊዜ ወረፋ አለው፤ በአንዳንድ ግዛቶች ዓመታት ያስጠብቃል። ስለዚህ ማመልከቻው መግባት ያለበት ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ነው።