ግሬንዳይዘር፡ አገሩን በጦርነት ያጣው የካርቱን ጀግና ከካርቱም ጦርነት በኋላ ዳግም ሲታይ

አንድ ወጣት ልዑል የተወለደባት ምድር በእሳት ስትጋይ ያያል። ወላጆቹ ተገድለዋል፤ አየሩም ውሃውም በጨረር ተመርዟል። ልዑሉ ወራሪው ለጥፋት ሊጠቀምበት የነበረውን ግዙፍ ሮቦት ነጥቆ ይሸሻል። በሰማይ ተንከራትቶ ከማያውቃት ፕላኔት ይደርሳል። ያቺ ፕላኔት መሬት ናት።

‘ዩፎ ሮቦ ግሬንዳይዘር’ የተባለው የጃፓን ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ታሪክ የሚነሳው ከዚህ ነው። ፊልሙ በአረብኛ ድምፅ ተተርጉሞ በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ከባግዳድ እስከ ካርቱም የአንድ ትውልድ ልጆች የመጀመሪያ ልዕለ ጀግና ሆኗል።

በዚያን ጊዜ ልጆቹን የማረካቸው ሮቦቱ ነበር። የሚወረወረው ጡጫው፣ ከቀንዶቹ የሚፈልቀው መብረቅ፣ ጀግናው መሣሪያውን ከመተኮሱ በፊት ስሙን እየጠራ የሚያሰማው ጩኸት ከትምህርት ቤት ግቢ እስከ ሰፈር ሜዳ ይመሰል ነበር። ልዑሉ ስደተኛ መሆኑን ልብ ያለው ልጅ ጥቂት ነው።

እነዚያ ልጆች ዛሬ በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ካርቱም ውስጥ ያደጉት ብዙዎቹ ሚያዝያ 15/2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። የቀድሞዎቹ ክፍሎች ዛሬ በስልክ ስክሪን ላይ ሲታዩ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ለመሆኑ ግሬንዳይዘር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዕድሜውን ችሎታል? መልሱ ሁለት ገጽ አለው። ሥዕሉና አተራረኩ በብዙ አርጅቷል። በልቡ የያዘው ታሪክ ግን ከተሠራበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ የበለጠ እውነት ሆኖ ይታያል።

ከቶኪዮ በቤይሩት በኩል

የግሬንዳይዘር ፈጣሪ ጎ ናጋይ የተባለው ጃፓናዊ የሥዕል ታሪክ ደራሲ ነው። ናጋይ ከዚያ ቀደም በ1972 ‘ማዚንገር ዜድ’ በተሰኘው ሥራው፣ ሰው ውስጡ ተቀምጦ የሚያሽከረክረውን ግዙፍ ሮቦት አስተዋውቆ ነበር። በግሬንዳይዘር ውስጥ የልዑሉ ወዳጅ የሆነው ኮጂ ከዚያ ታሪክ የተሻገረ ገጸ ባሕርይ ነው።

ቶኤይ አኒሜሽን ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ ፊልም ከ1975 እስከ 1977 በጃፓኑ ፉጂ ቴሌቪዥን በ74 ክፍሎች ተላልፏል። ታላቁን ዝናውን ያገኘው ግን ከጃፓን ውጭ ነው። በ1978 በፈረንሳይ ‘ጎልዶራክ’ በሚል ስም፣ በዚያው ዓመት ደግሞ በጣልያን ቀርቦ የልጆች ትኩሳት ሆኗል።

ወደ አረቡ ዓለም የገባው በቤይሩት በኩል ነው። አረብኛው ድምፅ የተቀረጸው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ሊባኖስ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሳለች ነበር። ለልዑል ዱክ ፍሊድ ድምፁን የሰጠው ተዋናዩ ጂሃድ አል አትራሽ ሲሆን፣ የመክፈቻውን መዝሙር ያዜመው በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው ሊባኖሳዊው ድምፃዊ ሳሚ ክላርክ ነው። አገሩ የተቃጠለበትን ልዑል በአረብኛ ያናገሩት ሰዎች ራሳቸው በጦርነት መካከል የሚኖሩ ነበሩ።

ተዋናዮቹ የተናገሩት በየአገሩ በሚለያየው የመንደር አነጋገር ሳይሆን ፉስሃ በሚባለው የጽሑፍ አረብኛ ነበር። በዚህም ምክንያት አንዱ ቅጂ በሞሮኮም፣ በኩዌትም፣ በሱዳንም ያለ ተጨማሪ ትርጉም ሊታይ ችሏል።

የሱዳን ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ከኦምዱርማን የጀመረው በ1962 ነው። የሳተላይት ዲሽ በየጣሪያው ላይ ከመብቀሉ በፊት የነበረ ልጅ የሚመርጠው ጣቢያ አልነበረውም። የካርቱን ሰዓት አንድ ነበር፤ ካመለጠ አመለጠ። በዚያው ዘመን ካርቱም ከጦርነትና ከረሃብ የሸሹ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን ታስተናግድ ነበር። ልጆቻቸውም ከሱዳናውያን እኩዮቻቸው ጋር አንድ ሰፈርና አንድ ስክሪን ተጋርተዋል።

ያረጀው

ዛሬ ፊልሙን በተከታታይ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚታክተው ድግግሞሹ ነው። የቬጋ ጦር ጭራቅ ይልካል፤ ልዑሉ ሮጦ ይዘላል፤ ስሙን ጮኾ ይጠራል፤ ልብሱ ወደ ጦር ልብስ ይለወጣል፤ ወንበሩ ከበራሪው ሳህን ወደ ሮቦቱ ራስ ይንሸራተታል፤ ጭራቁ ይወድማል። ይህ ሂደት በአብዛኞቹ ክፍሎች፣ ብዙ ጊዜም በነዚያው ሥዕሎች፣ ይመላለሳል።

ምክንያቱ የሥራ ኢኮኖሚ ነው። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ያለበት ስቱዲዮ ሁሉንም በእጅ ስለሚሥል፣ አንዴ በጥንቃቄ የተሠራን ትዕይንት ደጋግሞ መጠቀሙ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥብለታል። በሳምንት አንድ ክፍል ለሚያይ ልጅ ድግግሞሹ እንደሚጠበቅ የዘፈን አዝማች ነበር። በአንድ ምሽት አምስት ክፍል ለሚያይ አዋቂ ግን ትዕግሥት ይፈትናል።

የሴቶቹ ቦታም ዘመኑን ያጋልጣል። የከብት እርባታው ባለቤት ልጅ ሂካሩ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የልዑሉ ምሥጢር የተሰወረባት፣ በአብዛኛው የምትጨነቅና የምትጠብቅ ናት። ቆይታ አብራሪ ብትሆንም፣ ከፕላኔቷ ጥፋት ተርፋ ከተገኘችው ከልዑሉ እህት ከማሪያ ጋር ብትሰለፍም፣ ወሳኙ ምት ሁልጊዜ የልዑሉ ነው።

የጦርነቱ አሳሳልም ለልጆች የተመጠነ ነው። ከተሞች በጭራቅ ይፈራርሳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን እንዳልሆነ ሆነው ይገኛሉ። የፈረሰው ሕንጻ ማን እንደሚሠራው፣ የሞተው ሰው የት እንደተቀበረ አይነገርም። መኖሪያ ቤት፣ ገበያና ሆስፒታል ሲወድም ላየ የካርቱም ነዋሪ ይህ የፊልሙ ትልቁ ሐሰት ሆኖ ሊታየው ይችላል።

ያላረጀው

ይሁን እንጂ በውጊያዎቹ መካከል ያሉት ጸጥ ያሉ ትዕይንቶች ሌላ ነገር ይናገራሉ።

ልዑሉ ከመሬት ሲደርስ የሚያገኘው አቀባበል የጀግና አይደለም። አንድ ሳይንቲስት አስጠግቶ እንደ ልጁ ያኖረዋል፤ ዳይስኬ የሚል የአገሩን ስምም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ከብት ሲጠብቅና በእርባታው ሲሠራ ይውላል። ማንነቱን ይደብቃል። በክንዱ ላይ አብሮት የመጣ የጨረር ቁስል አለ። ሌሎች ሲስቁ እርሱ ብቻውን ጊታር ይዞ ወደ ሰማይ ሲመለከት ይታያል።

ምሥጢራዊ ማንነት የብዙ ልዕለ ጀግና ታሪኮች የጋራ ዘዴ ነው። በአሜሪካዊው ሱፐርማን ታሪክ ውስጥም ፕላኔቱ የጠፋበት ጀግና በተራ ሰው ስም ይኖራል። ልዩነቱ ሱፐርማን ከፕላኔቱ ሲወጣ ሕፃን መሆኑ ነው፤ ያጣውን በአብዛኛው የሚያውቀው በኋላ ተነግሮት ነው። ዱክ ፍሊድ ግን አገሩ ስትቃጠል አይቷል፤ ያስታውሳልም። ስለዚህ የእርሱ ምሥጢር የጀብዱ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። በእንግድነት አገር ያለፈውን በዝምታ ይዞ በተሰጠው ስም የመኖር ሕይወት ነው። ይህ ሕይወት በካርቱም ለኖረ ሐበሻም፣ ዛሬ ከካርቱም ወጥቶ በካይሮ፣ በአዲስ አበባ ወይም በካምፓላ ለሚኖር ሱዳናዊም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የናይዳ ታሪክ ነው። ናይዳ የልዑሉ የልጅነት ወዳጅ ስትሆን፣ ጠላት አእምሮዋን አዛብቶ ወደ መሬት ይልካታል። ስታገኘው የምትሰነዝርበት ክስ ከየትኛውም ጭራቅ ምት ይከብዳል፤ ሕዝብህን ጥለህ ብቻህን ሸሸህ ትለዋለች። ልዑሉ ይህን ክስ በጡጫ ሊመልሰው አይችልም። በሮቦቱ ኃይል የማይፈታ ችግር ሲገጥመውም እናያለን።

ይህን ክፍል በልጅነት ያየ ሰው የሚያስታውሰው የናይዳን ሞት ይሆናል። ጦርነትን ሸሽቶ ዘመድና ጎረቤት ወደኋላ ያስቀረ አዋቂ ሲያየው ግን የሚሰማው ክሱን ነው። ‘ለምን እኔ ተረፍኩ?’ የሚለውን ጥያቄ በልጆች ሰዓት ማንሳቱ ፊልሙን ከብዙ እኩዮቹ ይለየዋል።

ሁለት አገር አልባዎች

ሌላው በልጅነት የሚያመልጥ ነገር የጠላት ታሪክ ነው። የቬጋ ንጉሥ በመጀመሪያ ሲታይ ተራ ወራሪ ነው። ወደ ኋላ ላይ ግን የገዛ ፕላኔቱ ለጦር መሣሪያ ኃይል በሚሰጠው በዚያው መርዛማ ማዕድን ሰበብ ትጠፋለች። ቬጋዎችም በጨረቃ ጀርባ ሰፍረው መመለሻ የሌላቸው ሕዝቦች ይሆናሉ።

ከዚህ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት አገር ባለውና በሌለው መካከል አይደለም። ሁለቱም አገራቸውን አጥተዋል። አንዱ የተጠጋባትን ምድር ከባለቤቶቿ ጋር ሆኖ ይጠብቃል፤ ሌላው ባለቤቶቿን አጥፍቶ ሊወርሳት ይመጣል። ፊልሙ ማጣት ብቻውን ሰውን ደግም ክፉም እንደማያደርግ፣ የሚለየው ካጡ በኋላ የሚመረጠው መንገድ እንደሆነ ያሳያል።

የቬጋ ንጉሥ ልጅ ሩቢና፣ አንድ ጊዜ ለልዑሉ ታጭታ የነበረችው፣ በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ስትሞት ደግሞ ከጠላት ወገንም የሚለቀስለት ሰው እንዳለ ተመልካቹ ይገነዘባል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተጀመረው ዓለም እዚህ ላይ ይደበዝዛል። ሁለት የአንድ አገር ጦሮች ሲዋጉ መካከል ላይ የቀረ ሕዝብ ይህን ድብዘዛ ያውቀዋል።

አዲሱ ቅጂ

የአረቡ ዓለም ናፍቆት ግሬንዳይዘርን እንደገና አስነሥቶታል። በ2022 በሪያድ ከ33 ሜትር በላይ የሚረዝም ሐውልት ቆሞለታል። ሐምሌ 2024 ላይ ደግሞ ‘ግሬንዳይዘር ዩ’ የተባለ አዲስ ተከታታይ ፊልም መታየት ጀምሯል፤ በዚህ ሥራ ጀርባ የሳዑዲ አረቢያው ማንጋ ፕሮዳክሽንስ ይገኛል።

አዲሱ ሥራ በቀለም ደማቅ፣ በእንቅስቃሴ ፈጣን ነው። ነገር ግን በ74 ክፍሎች የተተረከውን ታሪክ ለመንገር ያለው 13 ክፍል ብቻ ነው። የሚቀነሰው ድግግሞሹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትርፍ በሆነ ነበር። አብሮ የሚቀነሰው ግን የከብት እርባታው ረጅም ቀን፣ በሥራና በዝምታ የሚያልፈው የስደት ጊዜ ነው። የቀድሞው ፊልም ዝግታ አንዳንዱ ድካም፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥንካሬው እንደነበር ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ይታያል።

የመጨረሻው ክፍል

ጦርነቱ ሲጀመር ኦምዱርማን የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ዋና መሥሪያ ቤት በፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ወደቀ። የሱዳን ጦር ሕንጻውን መልሶ የያዘው መጋቢት 2024 ላይ ነው። ለወራት የብዙዎች ስጋት በውስጡ ያለው የድምፅና የምስል ማኅደር ዕጣ ነበር፤ የአገሪቱ የአሥርት ዓመታት ትዝታ የተቀመጠው እዚያ ነውና። መጋቢት 2025 ላይ ጦሩ የካርቱምን ቤተ መንግሥት ተቆጣጠረ። በጦርነቱ ከቤታቸው የተፈናቀሉት ከ12 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር፤ ከእነርሱም መካከል በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ ሱዳናውያንና ከስደት አገራቸው ዳግም የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ካርቱም የሚመለሱ ሰዎች አሉ። የሚጠብቃቸው የተዘረፈ ቤትና መብራትና ውሃ የተቋረጠበት ሰፈር ነው።

የግሬንዳይዘር ፍጻሜም መመለስ ነው። የቬጋ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ሞታለች የተባለችው ፕላኔት ፍሊድ እንደገና መለምለም መጀመሯ ይሰማል። ልዑሉ ካስጠጉት ሰዎች ጋር በደስታ መኖር ይችል ነበር። እርሱና እህቱ ግን ወዳጆቻቸውን ተሰናብተው፣ የፈረሰውን ሊሠሩ ወደ ተወለዱበት ይጓዛሉ።

ልጆች ይህን መጨረሻ አይወዱትም ነበር፤ ጀግናቸውን ይነጥቃቸዋልና። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ባዶ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ድንጋይ ማንሳትን አያሳይም። ሮቦት የማይረዳበት ያ ሥራ ለተመልካቾቹ ቀርቷል።